ከአርባ ምንጭ ወዲያ፦ ኤሌክትሪክ ወይስ ሃይብሪድ?

ጥያቄው፦ «የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ባለሙያ ነኝ፤ ቤቴ አዲስ አበባ ነው። በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ኮንሶና ጂንካ፣ አንዳንዴም ቱርሚ ድረስ እወርዳለሁ። አሮጌ መኪናዬን ከሸጥኩ በኋላ ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። አንዱ 71.7 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውና በአንድ ሙሌት 505 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ የቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ኤሌክትሪክ ነው። ሌላው ያገለገለ የ2019 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ነው። ሻጩ ‹አርባ ምንጭ 450 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ በኤሌክትሪኩ ሳያርፉ ይገባሉ› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹ሃይብሪዱም ቢሆን ቻርጅ ይፈልጋል፤ ገጠር ምን ላይ ይሰካል?› ብሎ ያስፈራራኛል። ትንሽ ጄኔሬተር ጭኜ ብሄድስ? ባትሪው በቆላ ሙቀት አያልቅም? ወንዝ ሲሻገር አይነዝርም?»

ከወንድምዎ ስጋት ልጀምር፤ እሱ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይደበላለቃል። የተጠቀሰው ራቭ ፎር የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚነዱት መኪና ነው፤ ሶኬት የለውም። ባትሪው 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የምትይዝ ትንሽ ነገር ናት፤ የምትሞላውም መኪናው ፍሬን ሲይዝ፣ ቁልቁለት ሲወርድና ሞተሩ ትርፍ ጉልበት ሲኖረው ነው። የሚቀዳለት ቤንዚን ብቻ ነው። ወንድምዎ ያሰቡት ከግድግዳም የሚሞላውን፣ ተሰኪ ሃይብሪድ የሚባለውን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። በእሱም ላይ ቢሆን ስጋቱ ልክ አይደለም፤ ባትሪው ሲያልቅ እንደ ተራ ሃይብሪድ በቤንዚን መንገዱን ይቀጥላል እንጂ አይቆምም። ከእነዚህ ሌላ የቤንዚን ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ የማይነዳ፣ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ብቻ የሚሠራበት ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በገበያችን ሦስቱም «ሃይብሪድ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ሰው ስለ አንዱ የሰማውን ሐሜት በሌላው ላይ ይለጥፋል።

ወደ ሻጩ 505 ልለፍ። ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም፤ ወረቀቱ ላይ አለ። ነገር ግን የተለካው ኤንኢዲሲ በሚባለው አሮጌ የመለኪያ ስልት ነው። ያ ስልት መኪናውን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሮለር ላይ፣ አየር ማቀዝቀዣው ጠፍቶ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል በአማካይ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደዋል። አቀበት የለም፤ ከፊት የሚመጣ ነፋስ የለም፤ የመሣሪያ ሣጥንና አራት ሰው የለም። አውሮፓውያን ራሳቸው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትተውት ጠበቅ ወዳለ መለኪያ ተሻግረዋል። በእኛ መንገድ እንዲህ ያለ መኪና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ብለው ያስቡ። ይህ የጨዋ ሹፌር ቁጥር ነው፤ ቀኝ እግሩ የከበደ ሰው 20 ያደርሰዋል።

እንግዲህ እናስላው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 445 ኪሎ ሜትር ብንል 76 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 1000 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ቁልቁለቱ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይመልስልዎታል። የቀረው 72 ነው፤ የባትሪው ሙሉ መጠን ደግሞ 71.7። የሻጩ «ሳያርፉ ይገባሉ» ትርጉሙ ይህ ነው፤ ከተማው መግቢያ ላይ ባዶ ባትሪ ይዞ መቆም። ሲመለሱ ደግሞ ያ 1000 ሜትር አቀበት ይሆናል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለመንገዱ ርቀት ከሚያስፈልገው በተጨማሪ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ያ ሜዳ ላይ 35 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጉልበት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና አገር አቋራጭ የሚሄድ ሰው ከኪሎ ሜትር ሰሌዳው እኩል የቦታውን ከፍታ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ባትሪን እስከ ዜሮ ማሟጠጥ ደግሞ የጤነኛ ሰው ዕቅድ አይደለም። በተለይ የዚህ መኪና ባትሪ የተሠራበት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ቮልቴጁ ከላይ እስከ ታች እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ የሚያሳየው መቶኛ ወደ መጨረሻው ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ 12 በመቶ ሲል ቆይቶ በድንገት ወደ 5 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ 20 በመቶ ይቀመጥ። በቀሪው 57 ኪሎዋት ሰዓት 335 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። ያ ሶዶ ነው። የመጀመሪያ ቀንዎ ሶዶ ላይ ያልቃል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለ ርቀት ነው፤ በርቀት ብቻ ቢሆን ኤሌክትሪኩ አያሳፍርዎትም ነበር። ባትሪው ሞልቶ ከአርባ ምንጭ ቢነሳ፣ በኮንሶ አድርጎ ወደ ወይጦ ሸለቆ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ቀይ አፈር ከ1000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን መንገድ ጨርሶ ጂንካ ይገባል። በእኔ ስሌት 46 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ አየር ማቀዝቀዣው በቆላው ሲሠራ በሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምሩበት። የሚያሸንፍዎት ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ጥያቄው «ጂንካ ይደርሳል ወይ?» ሳይሆን «አርባ ምንጭ ላይ ባትሪው እስኪሞላ ስንት ሌሊት አድራለሁ?» መሆን ነበረበት።

በተራ የሆቴል ሶኬት ከ220 ቮልት መስመር 10 አምፔር ቢያገኙ 2.2 ኪሎዋት ነው። በመሙላት ሂደት ከሚባክነው ተርፎ አሥር ሰዓት ሙሉ ሲሰካ ባትሪው ውስጥ የሚገባው 19 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 110 ኪሎ ሜትር። ከ20 በመቶ ተነስቶ ሙሉ ለመሆን 30 ሰዓት ያልፋል። መብራት ካልጠፋ ነው ይህ። በዕቅድ እናስቀምጠው፦ አንደኛውን ሌሊት ሶዶ ያድራሉ፤ በማግስቱ አርባ ምንጭ ይገባሉ፤ እዚያ ሁለት ሌሊት ካላደሩ ወደ ጂንካ በሰላም የሚያደርስ ክምችት አያገኙም። በራቭ ፎሩ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጂንካ ማኪያቶ ሲጠጡ፣ በኤሌክትሪኩ በአራተኛው ቀን ይደርሳሉ። መልሱም እንዲሁ ነው። ይህን በዓመት በስምንት ጉዞ ሲያባዙት በመኪና ሶኬት ሥር የሚያልፈው የሥራ ቀን ከወር ይበልጣል።

የሆቴል ሶኬት ስል ደግሞ ሶኬቱን ራሱን አይመኑት። አንድ ደንበኛዬ በአንድ የገጠር ከተማ ማረፊያ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ሲነቃ 3 በመቶ ብቻ ጨምሮ አገኘው። ምክንያቱ የምድር መስመር፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ ነው። ቻርጀሩ የምድር ገመድ መኖሩን ሳያረጋግጥ አይሠራም፤ በርካታ ቤቶቻችን ደግሞ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተተክሎላቸው ሦስተኛው ገመድ የትም አልተገናኘም። የእንግዳ ማረፊያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እኩለ ሌሊት ላይ ሲነካካው ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ቆመ። ከዚህ የሚሻለው የምጣድ መስመር ነው። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ መስመሩ ወፈር ባለ ገመድና በራሱ ማቋረጫ የተዘረጋ ይሆናል። ማረፊያ ሲይዙ «ቻርጅ ማድረጊያ አላችሁ?» ከማለት «የምጣድ መስመራችሁን ማታ ላገኝ እችላለሁ? የምድር ገመድስ አለው?» ማለት ይጠቅማል። ይሁንና እንጀራው ሲጋገር ማን እንደሚቀድም ያውቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርድና ቻርጀሩ ያንቀላፋል።

ፈጣን ቻርጀሮች አሉ፤ ቁጥራቸውም እየጨመረ ነው። ነገር ግን ክምችታቸው አዲስ አበባና አካባቢዋ ነው። በደቡቡ መስመር ሊተከሉ ነው በተባለ ነገር ላይ ተመርኩዞ ዛሬ መኪና መግዛት፣ ሊዘንብ ነው ተብሎ በደረቅ ማሳ ላይ ዘር መበተን ነው። አንድ ቦታ ተተክሏል ሲባል እንኳ ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ በዚህ ሳምንት እየሠራ መሆኑን፣ እና መሰኪያው የእርስዎ መኪና ዓይነት መሆኑን። ለቻይና ገበያ የተመረቱት የጂቢቲ መሰኪያ ሲኖራቸው፣ ለአውሮፓ የተመረቱት ሲሲኤስ 2 ነው። ሁለቱ አይገጣጠሙም።

ጄኔሬተሩን ይተዉት። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር በአንድ ሊትር የሚያመነጨው ሁለት ኪሎዋት ሰዓት፣ ቢበዛ ትንሽ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ከብክነቱ ተርፎ መኪናውን 11 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። ሃይብሪዱ ያንኑ ሊትር ተቀብሎ 17 ወይም 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጩኸትም፣ ጭስም፣ ከኋላ ወንበር የሚሸት ጀሪካንም ሳይኖር። ቤንዚን መሸከምዎ ካልቀረ ቤንዚኑን በአግባቡ የሚያቃጥል ሞተር ይሸከሙ። ከዚያም በላይ ትናንሽ ጄኔሬተሮች የምድር ግንኙነት ስለሌላቸው ያው ቻርጀር አሻፈረኝ ሊል ይችላል። የፀሐይ ሰሌዳን አልጠየቁም፤ ግን ቀጣዩ ሐሳብ እሱ እንደሚሆን ከልምድ አውቃለሁ። ጣሪያ ላይ የምትቀመጥ የ500 ዋት ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በቀን ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትሰጣለች። ለስልክና ለኮምፒውተር ግሩም ናት፤ ለመኪናው የ12 ኪሎ ሜትር ጉርሻ ነው።

የባትሪው ሙቀት ፍርሃት እውነት አለበት፤ ግን ተጋንኗል። ሙቀት ማንኛውንም ባትሪ ያስረጃል። ሆኖም እንዲህ ያለው መኪና ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት አለው፤ ሊቲየም ብረት ፎስፌትም በሺዎች የሚቆጠር ሙሌት የሚችል፣ ከሌሎቹ ይልቅ በእሳት ረገድ የተረጋጋ ዓይነት ነው። ጉዳቱን የሚያፋጥነው ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ማቆም ነው። የሚገርመው፣ ስለ ሙቀት መጨነቅ የሚገባዎት በሃይብሪዱ በኩል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ውሃም እንደዚያው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከውጪ ውሃ ነክቶት ተሳፋሪን አይነዝርም። ውሃ የሚፈራው ይልቅ የነዳጅ ሞተር ነው፤ በአየር ማስገቢያው ውሃ ከሳበ ፒስተኑ ውሃን ማመቅ ስለማይችል የሞተሩ ክንድ ይጣመማል። ነገር ግን «አይነዝርም» ማለት «ይሻገራል» ማለት አይደለም። ቱርሚ አካባቢ ያሉት የአሸዋ ወንዞች ደረቅ መስለው ቆይተው፣ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላሉ። ያኔ ኤሌክትሪኩም ሃይብሪዱም እኩል እንጨት ናቸው።

ከሁለቱም መኪኖች የማያገኙት ነገር እንዳለ አሁኑኑ ልናገር፤ ሁለቱም የመስክ መኪና አይደሉም። ራቭ ፎሩ በአራት ጎማ የሚነዳ ዓይነት ቢሆን እንኳ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው ያለው። ጭቃ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ያግዛል፤ ረጅም አሸዋ ላይ ሲደክም ራሱን ለመጠበቅ ሥራ ያቆማል። ሶንግ ፕላሱ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው፤ ትልቁ ባትሪው ደግሞ ሆዱ ሥር ተንጣሎ ይገኛል። ፒስታ መንገድ ላይ አንድ ሹል ድንጋይ ያንን ሣጥን ከቦደሰው፣ ጎሚስታ ዘንድ ተጣብቆ የሚወጣ ቀዳዳ አይደለም። ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቀበሌ ድረስ የሚገቡበትን ቀን ጂንካ ላይ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ፒክአፕ ይከራዩ። በማንኛቸውም መኪና ይህንን ከማድረግ አይድኑም።

ስለ ጎማ ካነሳን፣ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪናና አንዳንድ ሃይብሪዶች መለዋወጫ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ የአየር መንፊያና የማጣበቂያ ፈሳሽ ይሰጥዎታል። ፈሳሹ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ በድንጋይ የተቀደደ የጎማ ጎን ግን አይደፍንም። ከመግዛትዎ በፊት የዕቃ መጫኛውን ወለል አንስተው በዓይንዎ ይዩ።

የመጎተቱም ነገር እንዲሁ ነው። በመንገዳችን ልማድ የቆመ መኪና በገመድ አይሱዙ ላይ ይታሰርና ይጎተታል። እነዚህ መኪኖች ግን የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተቱ ሞተሮቹ ኤሌክትሪክ ማመንጨታቸውን አያቆሙም፤ ከፍ ያለ ጉዳት ያመጣል። ይህ ለኤሌክትሪኩም፣ ለሃይብሪዱም ይሠራል። ከወይጦ ላይ በሎቤድ የሚያነሳዎትን ሰው ስልክ ከመነሳትዎ በፊት ይያዙ። ልዩነቱ የመቆም ዕድሉ ላይ ነው። ሃይብሪዱ ነዳጅ ቢያልቅበት አንድ ሞተር ብስክሌተኛ አምስት ሊትር ይዞለት ይመጣል፤ ለኤሌክትሪኩ አምስት ኪሎዋት ሰዓት በጀሪካን የሚያመጣ ሰው ገና አልተወለደም።

ታዲያ ሃይብሪዱ ችግር የለበትም? አለበት። ቤንዚን ራሱ ችግር ነው። የራቭ ፎሩ ታንክ 55 ሊትር ይይዛል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቢፈጅ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ሞልተው ቢነሱ ጂንካ ደርሰው ይተርፍዎታል፤ መልሱን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ ግማሽ ታንክ ቢኖርዎትም ሰልፍ ይዘው ይሙሉ፤ «ወደፊት አገኛለሁ» አይበሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ስለተደረገ፣ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ማደያው ቤንዚን እያለው የማይቀዳበት ጊዜ ይኖራል። ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ደግሞ የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት። በውሃ ወይም በነጭ ጋዝ የተደባለቀ ቤንዚን የነዳጅ መርጫውን ይጎዳል።

ሌላም የተለመደ የተሳሳተ ተስፋ አለ። የሃይብሪድ ትልቁ ቁጠባ ከተማ ውስጥ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ኃይል ስለሚመልስ። ከሆሳዕና ሶዶ በእኩል ፍጥነት ሲነዱ በአብዛኛው የሚሠራው የቤንዚን ሞተሩ ነው። «በሃይብሪድ ነዳጅ በግማሽ ይቀንሳል» ያለዎት ሰው ቦሌ ላይ የሚነዳ ሰው ነው። ደጋው ላይም አየሩ ስስ በመሆኑ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሃይብሪዱን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ስለዚህ አቀበት ላይ ከተራ ቤንዚን መኪና ይሻላል። በዚህ በኩል የሚበልጠው ግን ንጹሑ ኤሌክትሪክ ነው። አቀበት ላይ ደስ የሚል መኪና ነው፤ ይህንን አልክድም።

ቁልቁለቱን ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ከኮንሶ ወደ ወይጦ ሲወርዱ መኪናው በእያንዳንዱ 1000 ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያራግፋል። የሃይብሪዱ ባትሪ ከዚያ ጥቂቱን ውጦ በመጀመሪያዎቹ ጥምዝማዞች ይጠግባል። ከዚያ በኋላ ኃይል የሚመልሰው ፍሬን ይቀርና ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ማርሹን ወደ «ኤስ» አድርገው ዝቅ ያድርጉት፤ ሞተሩ ነዳጅ ሳያቃጥል እየጮኸ መኪናውን ይይዝልዎታል። ጩኸቱ ያስደነግጣል፤ ብልሽት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድረው መቶ በመቶ ሞልተው ቁልቁለት ከጀመሩ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለውም። ቁልቁለት ከፊት ካለ 85 በመቶ ላይ ያቁሙት። በአባይ በረሃም ሕጉ ይኸው ነው።

ምክሬ እንግዲህ ቁርጥ ያለ ነው፤ ራቭ ፎሩን ይግዙ። ዛሬ ባለው መሠረተ ልማት፣ በአንድ መኪና ብቻ፣ በዓመት ስምንት ጊዜ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ ሰው ንጹሕ ኤሌክትሪክ መግዛት የለበትም። ለከተማ ቢሆን ኖሮ መልሴ ተቃራኒው በሆነ ነበር፤ ሐዋሳና አዳማ ለሚመላለስ ሰውም ኤሌክትሪኩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ይህ ምክር ግን በዚያች መኪና ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቀደም ሲል «እመለሳለሁ» ያልኩት ይህ ነው። የዚህ ሞዴል ባትሪ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣል፤ የሚቀዘቅዘውም ከተሳፋሪው ክፍል በሚሳብ አየር ነው። አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ወንበሩ ፊት ለፊት፣ እግር አጠገብ ነው። በአቧራ ከተዘጋ ባትሪው ቀስ በቀስ ይቀቀላል፤ አገራችን ውስጥ ያየኋቸው የሞቱ የሃይብሪድ ባትሪዎች አብዛኞቹ በዕድሜ ሳይሆን በዚህ ነው የሞቱት። ሻጩ ፊት ማጣሪያውን አውጥተው ይዩት። ግራጫ ጨርቅ መስሎ ከወጣ ዋጋ ይደራደሩ። በስካነር የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ መኪናው አቀበት ሲወጣ ያስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጉልህ በሆነ መጠን ከወረደ ሌላ መኪና ይፈልጉ። ከገዙ በኋላ ከእያንዳንዱ የመስክ ጉዞ ሲመለሱ ማጣሪያውን ያጽዱ፤ የጥናት መሣሪያዎን ሣጥን ያ ቀዳዳ ፊት አያስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ በ2019 እና በ2020 እ.ኤ.አ. የተመረቱ አንዳንድ የራቭ ፎር ሃይብሪዶች ታንካቸው ከቅርጹ የተነሳ ሙሉ በሙሉ የማይሞላ ችግር ነበረባቸው፤ አምራቹም አምኖ ታንክ እየለወጠ አስተካክሏል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእርስዎ ግን አሥር ሊትር የጎደለ ታንክ 170 ኪሎ ሜትር ነው። የነዳጅ ማለቅ ማስጠንቀቂያ መብራቱ ከበራ በኋላ ወስደው ያስሞሉትና ስንት ሊትር እንደገባ ይቁጠሩ። ሦስተኛ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ስለተከለከለ፣ ሊብሬውንና የጉምሩክ ሰነዱን ከመኪናው ጋር አመሳክረው ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ።

ሐሳቤን የሚያስቀይሩኝ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አርባ ምንጭና ጂንካ ላይ ሁልጊዜ የሚያርፉበት፣ ለምሳሌ የሚሠሩለት ድርጅት ግቢ ካለና 7 ኪሎዋት የሚሰጥ፣ የምድር መስመሩ በትክክል የተሠራ ቻርጀር በሁለቱም ቦታ ማስተከል ከቻሉ፣ አንድ ሌሊት ይበቃዎታል፤ ኤሌክትሪኩ ያዋጣል። ወይም ደግሞ ጉዞው በዓመት ወደ ሁለት ከቀነሰ፣ ኤሌክትሪኩን ለአዲስ አበባ ይግዙና ወደ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ሄደው ከዚያ ፒክአፕ ይከራዩ። ከሁለቱ አንዱ እስኪሟላ ድረስ ግን ራቭ ፎሩ ነው፤ ነገ ጠዋት ሲያዩት የኋላ ወንበሩን ማንሳት አይርሱ።